«2,000» የሚለው ቁጥር ምኑን ይቆጥራል? ስለ ኦሜጋ ስፒድማስተር 125 የምርት መጠን

ታዛቢ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ለረዥም ጊዜ ሲከነክነኝ የቆየ ጥያቄ አለኝና ከእኔ የተሻለ እውቀት ያላችሁ እንድታግዙኝ እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ የስዊዘርላንዱ ሰዓት አምራች ኩባንያ ኦሜጋ የተመሠረተበትን 125ኛ ዓመት ለማክበር በ1973 ያወጣውን ስፒድማስተር 125 የተባለውን የእጅ ሰዓት ይመለከታል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የኩባንያው መሥራች ሉዊ ብራንት ሥራውን ላ ሾ ደ ፎን በተባለችው የስዊዘርላንድ ከተማ የጀመረው በ1848 ስለሆነ 125 የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው።

ሰዓቱን አይታችሁት ለማታውቁ ባጭሩ ልግለጸው። ወፍራምና ከባድ የብረት ቀፎ ያለው፣ ማሰሪያውም ከቀፎው ጋር አንድ ወጥ መስሎ የሚወርድ አውቶማቲክ ክሮኖግራፍ ነው፤ ማለትም በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላና እንደ ሩጫ ሰዓት ጊዜ የሚለካ ሰዓት ነው። በውስጡ ያለው ማሽን ካሊበር 1041 ይባላል፤ ኩባንያውም ይህ ሰዓት በዓለም የመጀመሪያው በክሮኖሜትርነት፣ ማለትም ጊዜን በትክክል በመቁጠር ችሎታው ተፈትኖ የተመሰከረለት አውቶማቲክ ክሮኖግራፍ መሆኑን ይገልጻል። የሚለካውን ደቂቃ የሚያሳየው እንደ ብዙዎቹ ክሮኖግራፎች በትንሽ ክብ ውስጥ ያለች ቆጣሪ ሳትሆን ከገጹ መሐል የምትነሳ ረዥም ቆጣሪ ናት፤ እኔም መጀመሪያ የወደድኩት በዚህች ቆጣሪ ምክንያት እንደሆነ አልሸሽግም።

ኩባንያው በኋላ ባወጣቸው የታሪክ ገለጻዎች ከዚህ ሰዓት የተመረተው 2,000 ብቻ እንደሆነ ይነገራል። ሻጮች ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ይደግሙታል፤ እኔም ሰዓቴን የገዛሁት ቁጥሩን አምኜ ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮች እምነቴን አላልተውብኛል። አንደኛ፣ በውስን ቁጥር የተመረተ ሰዓት ብዙውን ጊዜ በጀርባ ክዳኑ ላይ የራሱ ተራ ቁጥር ይቀረጽበታል፤ ይህ ሰዓት ግን ከ2,000 ውስጥ ስንተኛው እንደሆነ የሚናገር ምንም ምልክት የለውም። በክዳኑ ውስጥ ያለው 178.0002 የሞዴል ቁጥር እንጂ የአንዱን ሰዓት ከሌላው የሚለይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ በጠፋበት፣ በተሰበረበትና በተጣለበት ሁሉ ቁጥሩ ሊቀንስ የሚገባው ሰዓት ለሽያጭ ሲቀርብ የማየው ብርቅ ነው ከሚባል ዕቃ ከምጠብቀው በላይ አዘውትሮ ነው። ሦስተኛ፣ 2,000 ድፍን ቁጥር መሆኑ ራሱ ያጠራጥረኛል፤ የፋብሪካ መዝገብ ሲደመር እንዲህ ድፍን ሆኖ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።

ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጠይቀው። ቁጥሩ ከኩባንያው ውጭ ባለ ሰው ሊረጋገጥ የሚችልበት መንገድ ካለ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የማሽን ባለሙያ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሰዓት በመጠገን የምተዳደር ስለሆንኩ ከማሽኑ ልጀምር፤ ምክንያቱም ሊቆጠር የሚችለው እሱ ብቻ ነው። የጀርባ ክዳኑ ሲከፈት በማሽኑ ላይ ስምንት አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ቁጥር የሞዴሉ ተራ ቁጥር ሳይሆን ኩባንያው ለሚያመርታቸው ማሽኖች ሁሉ በአንድ ሰልፍ ሲሰጠው የኖረ ቁጥር ነው። በዚያን ዘመን ሰልፉ ሠላሳ ሚሊዮንን ከተሻገረ ቆይቶ ነበር። ቁጥሮቹ ለየካሊበሩ በቡድን በቡድን ስለሚመደቡ አንድ ቡድን ለ1041 ሲሰጥ ተከታዩ ለሴቶች ሰዓት ማሽን፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ዝቅተኛውን የ1041 ቁጥር ከከፍተኛው ቀንሶ «ልዩነቱ ከ2,000 ይበልጣል፤ እንግዲያው ኩባንያው ዋሽቷል» ማለት ፍጹም ስሕተት ነው። በመሐል ያሉት ቁጥሮች የሌሎች ሰዓቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚህ ይልቅ የሚያጓጓኝ የክሮኖሜትር ምስክርነቱ ነው። ክሮኖሜትር መባል ኩባንያው ለራሱ የሚሰጠው ማዕረግ አይደለም፤ ማሽኑ አንድ በአንድ ወደ ገለልተኛ መፈተሻ ተቋም ተልኮ ማለፍ አለበት። እንዲያውም ቀደም ሲል ተለያይተው ይሠሩ የነበሩት የስዊዘርላንድ መፈተሻ ቢሮዎች ተዋሕደው ኮስክ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ተቋም የተመሠረተው በዚያው በ1973 ነው። በአሁኑ አሠራር አንድ ማሽን ለ15 ቀን፣ በአምስት አቀማመጥና በሦስት የሙቀት መጠን ይፈተሻል፤ በአማካይ በቀን ከ4 ሰከንድ በላይ ሊዘገይ ወይም ከ6 ሰከንድ በላይ ሊቀድም አይገባውም። ለጥያቄያችን ዋናው ነገር ግን ፈተናው የሚካሄደው በመለያ ቁጥር መሆኑ ነው፤ ያልተቆጠረ ማሽን አይመሰከርለትም። ይህም ማለት ስለ እያንዳንዱ 1041 ከኩባንያው ውጭ ያለ እጅ አንድ ጊዜ ጽፏል ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ ተቋሙ ለሕዝብ ያወጣቸው የነበሩት ዓመታዊ ድምሮች በኩባንያ እንጂ በሞዴል የተከፋፈሉ ስላልነበሩ የምንፈልገውን ቁጥር ከእነሱ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ስንት ሰዓት» እና «ስንት ማሽን» አንድ ጥያቄ አይደሉም። ፋብሪካ ለጥገና የሚሆን ትርፍ ቀፎ፣ ትርፍ ገጽና ትርፍ ቆጣሪ ያመርታል፤ እነዚህም ከጊዜ በኋላ ከሌላ ማሽን ጋር ተገጣጥመው ሰዓት ሆነው ይወጣሉ። ካሊበር 1040 የ1041 መነሻና በአሠራሩ እጅግ ተቀራራቢው ስለሆነ፣ ከውጭ 125 የሚመስል ከውስጥ ግን 1040 የያዘ ሰዓት ቢያጋጥማችሁ አትደነቁ። እንዲህ ያለውን ሰዓት ከውጭ ብቻ አይቶ የሚቆጥር ሰው ድምሩን ያለ አግባብ ያሳድገዋል።

ስሌት ወዳድ

የማሽን ባለሙያው ያስቀመጡት ማስጠንቀቂያ ትክክል ነው፤ ሆኖም ከመለያ ቁጥር ተነሥቶ የምርት መጠንን መገመት በታሪክ የተፈተነ ዘዴ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመንን የሚወጉት የአጋር አገሮች ጦር የጀርመንን የታንክ ምርት በሁለት መንገድ ይገምት ነበር፤ አንደኛው የስለላ መረጃ ሲሆን ሌላው ከተማረኩ ታንኮች ላይ የተሰበሰቡ መለያ ቁጥሮች ናቸው። ለነሐሴ 1942 ስለላው በወር 1,550 ሲል፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ 327 አሉ። ከጦርነቱ በኋላ የተገኘው የጀርመኖቹ መዝገብ 342 ይላል። ቀመሩም ቀላል ነው፤ ከታዩት ቁጥሮች ትልቁን ወስዶ፣ ያንኑ ለታዩት ብዛት አካፍሎ መልሶ መደመርና አንድ መቀነስ ነው። ቁጥራቸው ከ1 የሚጀምር ሰዓቶች ቢኖሩ፣ ዐሥሩን ብናይና ትልቁ 1,500 ቢሆን፣ ግምታችን 1,649 ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ቀመር የሚሠራው ቁጥሩ ያለ ክፍተት ተከታታይ ሲሆንና መነሻው ሲታወቅ ነው። የ1041 ቁጥሮች በቡድን የተመደቡ ከሆነ በቀጥታ ልንጠቀምበት አንችልም። ምናልባት የየቡድኑን መነሻና መድረሻ ለመለየት የሚያስችል ብዙ ቁጥር ከተሰበሰበ፣ በየቡድኑ ውስጥ ለየብቻ ማስላት ይቻል ይሆናል።

የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል የማይጠይቅ ሌላ መንገድ ግን አለ። እሱም ዓሣ አጥኚዎች ከሚጠቀሙበት ዘዴ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ዓሣውን አጥምደው፣ ምልክት አድርገው ይለቁታል፤ በሁለተኛው ጊዜ ካጠመዱት ውስጥ ምልክት ያለበት ስንት እንደሆነ አይተው በሐይቁ ያለውን ይገምታሉ። በእኛ ጉዳይ ምልክቱ የማሽኑ ቁጥር ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ጠቅላላው 2,000 ከሆነና 200 ጊዜ እርስ በርሱ በማይገናኝ ሁኔታ ሰዓት አይተን ቁጥሩን ከመዘገብን፣ ከ200ዎቹ ምልከታዎች የሚመሠረቱት ጥንዶች 19,900 ስለሆኑ፣ ወደ 10 የሚሆኑት ጥንዶች ያንኑ አንድ ሰዓት ደግመው የሚያሳዩ መሆን አለባቸው። ጠቅላላው 5,000 ቢሆን ግን የምንጠብቀው 4 ገደማ ብቻ ነው። 200 መዝግበን አንድም ድግግሞሽ ካጣን፣ 2,000 የሚለው ቁጥር ከባድ ችግር ውስጥ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የምወደው ነጥብ የስሕተቱ አቅጣጫ ነው። ነጋዴ አንዱን ሰዓት በተለያየ ቦታ ደጋግሞ ያወጣዋል፤ ይህ ድግግሞሹን ያበዛል፤ ድግግሞሽ ሲበዛ ደግሞ ግምቱ ያንሳል። በመሳቢያ ተቆልፎ ለገበያ የማይወጣው ሰዓትም ስለማይታይ ግምቱን ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ እነዚህ ሁለት መዛባቶች የሚያግዙት ትንሹን ቁጥር፣ ማለትም የኩባንያውን አባባል ነው። ይህ ሁሉ እገዛ ተደርጎለትም ውጤቱ ከ2,000 እጅግ ከበለጠ፣ ማስረጃው ጠንካራ ነው። በተቃራኒው የሚያዛባው የቁጥር አነባበብ ስሕተት ነው፤ ከደበዘዘ ፎቶ ላይ 3ን 8 ብሎ የመዘገበ ሰው የሌለ ሰዓት ፈጠረ።

ጥንቁቅ ሰብሳቢ

በዘዴው እስማማለሁ፤ ጠያቂው በተነሡበት ጥርጣሬ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። «አዘውትሬ አየዋለሁ» የሚለው ስሜት ማስረጃ መስሎ የሚታለፍ ደካማ ነገር ነው። ቀድሞ አንድ ሰው በዕድሜው የሚያየው በአቅራቢያው ያለውን ብቻ ነበር፤ ዛሬ የመላው ዓለም መሸጫ በአንድ ስክሪን ላይ ይታያል። ይህ ሰዓት ደግሞ ቅርጹ ከሩቅ ስለሚለይ በዓይን ይያዛል። ክብደቱ ለዘወትር ስለማይመች ብዙ ጊዜ በሣጥን ተቀምጦ ይቆያል፤ በሣጥን የተቀመጠ ሰዓት ደግሞ ሳይበላሽ ይተርፋል፤ በየጊዜውም ባለቤት ይቀይራል። ሁለት ሺህ ሰዓት ለሰብሳቢዎች ዓለም ብዙ ነው። ከእነሱ ውስጥ ጥቂቱ በመቶ እንኳ በየዓመቱ ቢሸጥ ሁልጊዜ የሚታይ ይመስላል።

ስለ ድፍን ቁጥሩ ያነሡት ነጥብ ግን የሚናቅ አይደለም። ከዚያው ኩባንያ ሌላ ሰዓት ጋር እናስተያየው። ሰው ጨረቃን የረገጠበትን የአፖሎ 11 ጉዞ ለማሰብ ከ1969 ጀምሮ የተሠራው የወርቅ ስፒድማስተር የምርት ቁጥሩ 1,014 ነው የሚባለው። ይህ ቁጥር ድፍን አለመሆኑ ብቻ አይደለም፤ የሰዓቶቹ ተራ ቁጥር በጀርባ ላይ ተቀርጿል፤ አንደኛው ለፕሬዚዳንት ኒክሰን፣ ሁለተኛው ለምክትላቸው ለአግኒው የታሰበ መሆኑ ይታወቃል፤ ለጠፈርተኞቹ የተሰጡትም በተራ ቁጥራቸው ተለይተው ይታወቃሉ። እንዲህ ያለ ቁጥር ከመዝገብ የወጣ መሆኑ ያስታውቃል። የ125ቱ 2,000 ግን ከማምረቻው መዝገብ የተደመረ ይሁን፣ በ1973 «ይህን ያህል እናመርታለን» ተብሎ የታቀደ ይሁን፣ ከቁጥሩ ራሱ ማወቅ አይቻልም። በእኔ ግምት ችግሩ ያለው እዚህ ነው። ታቅዶ የታወጀው 2,000 ሆኖ፣ ገበያው ሲፈልግ ተጨማሪ ቢመረት፣ ወይም በተቃራኒው ገበያው ቀዝቅዞ ከ2,000 በታች ቢቀር፣ በኋላ ታሪኩን የሚጽፈው ሰው በእጁ የሚያገኘው ማስታወቂያውን ነው።

ከ2,000 በታች የሚለውን እንደ ዘበት አትዩት። በ1969 መጨረሻ የጃፓኑ ሴይኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ (በባትሪ የሚሠራ) የእጅ ሰዓት ለሽያጭ ካቀረበ በኋላ የነበሩት ዓመታት ለስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪዎች የጭንቅ ዓመታት ነበሩ፤ ውድ የሆነ ሜካኒካል ክሮኖግራፍ እንደ ልብ የሚሸጥበት ጊዜ አልነበረም። የመዝገቡም ዕጣ ከዚያ አያመልጥም። የ1041 ዘር የሚመዘዘው ከሰዓት ማሽን አምራቹ ከሌማኒያ ነው፤ ሌማኒያ በ1932 ከኦሜጋና ከሌላው የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪ ከቲሶ ጋር በአንድ ቡድን ውስጥ ገብቶ የነበረ ሲሆን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከቡድኑ ወጥቶ ራሱን ችሏል። ቡድኑም በ1983 ከሌላው ትልቅ የስዊዘርላንድ የሰዓት ቡድን ጋር ተዋሐደ። ማሽኑን የሚያመርተው አንድ ቤት፣ ሰዓቱን የሚገጣጥመው ሌላ ቤት፣ ሁለቱም ባለቤት የቀየሩ ከሆነ፣ አንድ ወጥና የተሟላ መዝገብ መጠበቅ ከባድ ነው።

ታዛቢ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጥንቁቅ ሰብሳቢ ስለ ስሜቴ ያሉትን እቀበላለሁ፤ «አዘውትሬ አየሁ» የሚለውን ከመከራከሪያዬ አውጥቼዋለሁ። ጥያቄዬም ተለውጧል። አሁን የማጣራው ኩባንያው እውነት መናገሩን ሳይሆን 2,000 የሚለው ቁጥር የምን ቁጥር መሆኑን ነው፤ የተመሰከረላቸው ማሽኖች፣ ከፋብሪካ የወጡ ሰዓቶች፣ ወይስ የመጀመሪያው ዙር ምርት?

በዚህ ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። ኩባንያው ከመዝገብ ቤቱ ለባለቤቶች የሚሰጠው የነበረው ማስረጃ በማሽኑ ቁጥር መሠረት ሰዓቱ የተመረተበትን ቀንና የተላከበትን አገር ይገልጻል። ብዙ ባለቤቶች ቀኑን ብቻ ቢያካፍሉ፣ ምርቱ በጥቂት ወራት የተጠናቀቀ አንድ ዙር ይሁን ወይም ለዓመታት የቀጠለ ይሁን ማየት አንችልም?

የማሽን ባለሙያ

ይቻላል፤ እንዲያውም የቁጥር ቡድኖቹ ከቀኖቹ ጋር ሲሄዱ ካያችሁ ዙሮቹን አንድ በአንድ መለየት ይቻላል። ሆኖም የመዝገብ ማስረጃ የሚናገረው ስለ ቁጥሩ እንጂ ስለ ቀፎው፣ ስለ ገጹና ስለ ቆጣሪዎቹ አለመሆኑን አትዘንጉ። በ2021 በጄኔቫ ጨረታ ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ የተሸጠው አሮጌ ስፒድማስተር ከሌሎች ሰዓቶች በተወሰዱ ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑን ኩባንያው ራሱ በ2023 አስታውቋል። ያን ያህል የተመረመረ ሰዓት እንዲህ ካሳሳተ፣ በማንኛውም ማስታወቂያ ላይ የሚታይ ሰዓት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ በመዝገባችሁ ውስጥ የሚገባው የማሽኑ ፎቶ ያለው፣ በላዩም 1041 የሚለው ካሊበርና ስምንቱ አሃዞች በግልጽ የሚነበቡ ሰዓት ብቻ ይሁን። ክዳኑ ሳይከፈት የተነሣ ፎቶ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።

ስሌት ወዳድ

በዚህ ላይ እኔ የምጨምረው አንድ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን የት እንዳያችሁትና መቼ እንዳያችሁት አብራችሁ ጻፉ። ያለዚያ ሁለት ጊዜ የታየው አንድ ሰዓት ባለቤት ቀይሮ ዳግም የመጣ ይሁን፣ ያው ሻጭ በሳምንቱ መልሶ ያወጣው ይሁን መለየት አይቻልም፤ የድግግሞሹ ስሌት የቆመው ደግሞ በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ከዚያው ሻጭ በዚያው ዓመት የመጣውን እንደ አንድ ምልከታ ብትቆጥሩት ጥሩ ነው። በተጨማሪም የታዩት የተለያዩ ቁጥሮች አንድ ቀን 2,001 ከደረሱ ስሌት አያስፈልገንም፤ እስከዚያ ግን ግምታችንን ከነስፋቱ ማስቀመጥ አለብን፤ «ከዚህ እስከዚህ» ሳይሉ አንድ ቁጥር ብቻ መናገር የምንነቅፈውን መድገም ይሆናል።

ጥንቁቅ ሰብሳቢ

ቁጥሩ ከ2,000 በላይ ሆኖ ቢገኝ አንዳንድ ባለቤቶች ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ ለቁጥሩ ብለው የገዙ አሉና። ስለዚህ መዝገቡን የሚይዘው ሰው ሻጭ ባይሆን እመርጣለሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ለሕዝብ ሳይታዩ ቢቀሩ ባለቤቶች ቁጥራቸውን ለመስጠት አይሠጉም፤ ሙሉውን ቁጥር መዝጋቢው ብቻ ይዞ ድግግሞሹን ሊያመሳክር ይችላል።

ታዛቢ (ጠያቂ)

የምሸጠው ሰዓት ስለሌለኝ መዝገቡን እኔ ልያዝ። ሰዓቴ ለጥገና የሚገባበት ጊዜ ደርሷል፤ ክዳኑ ሲከፈት የማሽኑን ፎቶ አስነሥቼ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ የራሴ ይሆናል፤ 1041 ሆኖ ካልተገኘም ያንኑ እዚሁ እጽፋለሁ። 125 ያላችሁ ሁሉ የማሽኑን ፎቶ፣ የታየበትን ቀንና ካላችሁም የመዝገብ ቤቱን የምርት ቀን ላኩልኝ።